የሳቢራ የመጨረሻዋ ፍየል

ሳቢራ ከዋጃ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ ባሏን ቀብራ፣ ማሽላ እየዘራች ለብቻዋ የምትኖር ሴት ናት። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ የእርዳታ ድርጅት አራት እንስት ፍየሎች ሰጣት። ውሉ አጭር ነበር፤ ከሚወለዱት አራት እንስቶች ለሌሎች አራት ሴቶች ይተላለፋሉ፤ እነሱም በተራቸው ለቀጣዮቹ። ሳቢራ ሦስቱን በጊዜው ሰጠች። ሰዉ ሁሉ "ሳቢራ ራሷን ቻለች" አለ፤ የእርዳታ እህሏም ለሌላ ዞረ።

አምና ዝናቡ በነሐሴ ቀረ። ማሽላው ሳያሸት ደረቀ፤ ፍየሎቹም አንድ በአንድ አለቁ። የቀረችው አንዲት ግልገል ናት፤ እሷም አራተኛዋ፣ የጎረቤቷ የወለላ ድርሻ ናት። እሷን ከሰጠች ጉረኖዋ ባዶ ይቀራል፤ በእርዳታ መዝገቡ ላይ ግን አሁንም ራሷን የቻለች ናት።

ወለላ የአራት ወር ሕፃን አዝላ ልትረከብ መጣች።

"እትዬ ሳቢራ፣ ልጅ የምትድሪ ነው የመሰልሽው። ጥሎሽ አምጪ እንዳትዪኝ ብቻ።"

"ጥሎሹንማ ድርቁ በልቶታል" አለች ሳቢራ። ልትስቅ ፈልጋ አልሆነላትም።

ወለላ ጉረኖውን ዞር ብላ አየች። "በርቢ ያዢልኝ" አለቻት። "ስሟ የኔ ይሁን፤ አንቺ ዘንድ ትደር። የምትወልደውን እንካፈላለን።"

ርቢ በአገሩ የቆየ ነው፤ ማንም ነውር አይለውም፤ ፍየሏም ሳቢራ ዘንድ ቀረች። የድርጅቱ ደንብ ግን ፍየሏ በተረካቢዋ ግቢ ካልተገኘች ቅብብሉ እዚያው ይቆማል ይላል።

የድርጅቱ ባለሙያ ዮናስ ሊያጣራ የመጣ ዕለት የሞተር ሳይክሉን ድምፅ ከሩቅ ሰምተው ፍየሏን ወደ ወለላ ግቢ ነዷት። ዮናስ አየ፣ ጻፈ፣ የሚጠጣ ውሃ ጠየቀ። ወለላ ልታመጣ ስትገባ ፍየሏ ሁለቱን ግቢ በሚለየው አጥር ክፍተት ሾልካ ሄዳ የሳቢራ ጉረኖ ውስጥ ተኛች።

"የማን ናት?" አለ ዮናስ።

"የወለላ ናት፣ ልጄ" አለች ሳቢራ።

"ታዲያ ቤቷን አታውቀውም?"

ዮናስ ወረቀቱን አጠፈ። "ከወለላ ኋላ ዘጠኝ ሴቶች ይጠብቃሉ፣ እትዬ። ነገ ጠዋት እመለሳለሁ" ብሎ ሄደ።

"ነገም እንነዳታለን" አለች ወለላ።

"ከነገ ወዲያስ? እኔና አንቺ እንዋሽ፤ እሷ መዋሸት አልቻለችም።"

ሳቢራ ፍየሏን በገመድ አስራ ራሷ ወደ ወለላ ግቢ ወሰደቻት። ተመልሳ መጥረቢያ አነሣች፤ የግራር እሾህ ቆርጣ፣ በራሷ ግቢ በኩል ቆማ፣ ፍየሏ የሾለከችበትን ክፍተት ትደፍን ጀመር። ፍየሏ ከወዲያ ትጮኻለች።

"እትዬ፣ ይበቃል" አለች ወለላ።

ሳቢራ አንድ ቅርንጫፍ ጨመረች።