«ይህ ስም አለ»

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በየዓመቱ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ጾም መሻሬን፣ ምላሴን፣ ቅናቴን አንድ በአንድ ስዘረዝር ይህችን ብቻ ዘልያት አልፋለሁ። ስለዚህ አንተ አንባቢ፣ ሳልጠይቅህ አናዛዤ አድርጌሃለሁ። እንዳታዝንልኝ ግን። ሊታዘንለት የሚገባው ሰው አፈር ከገባ ዓመት አልፎታል።

ኮምፒውተር ተምሬ ወደ አርብ ገበያ ስመለስ ሰውን ሁሉ እንቅ ነበር። ያልተማረውን ስላልተማረ፣ የተማረውን ደግሞ ግእዝ ስለተማረ። ሥራ አጥቼ፣ ከአባቴ ማጀት እየበላሁ፣ ያረሰልኝን ሰው ጭምር እንቅ ነበር። ምኔን ተማምኜ? አንድ አሮጌ ላፕቶፕና አንድ ወረቀት።

ከከተማው ወረድ ብሎ ባለው ደብራችን መሪጌታ ክንፉ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ሲማሩ ዓይናቸውን የጨረሱ፣ ሚስትም ልጅም ያልነበራቸው ሰው ናቸው። የሙታንን ስም በትልቅ መዝገብ ይጽፋሉ፤ ክርስትና ስሙን፣ ጎጡን፣ ያረፈበትን ቀን። ቀኑ በየዓመቱ ሲደርስ ስሙን አውጥተው ለቄሶቹ ይሰጣሉ፣ በቅዳሴ ይጠራል፣ ዘመድም ያን ለመስማት ይመጣል። አዲስ አበባ የሚኖር የደብሩ ተወላጅ ኮምፒውተር ሲለግስ፣ ሰበካ ጉባኤው መዝገቡን ወደ ማሽን እንድለውጠው ለመነኝ። የለመኑኝ ነው የመሰለኝ። አሁን ሳስበው ሥራ ፈት አይተው አዝነውልኝ ነው።

የሥራው ልብ በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ የምትከፈት አንዲት ትንሽ መስኮት ነበረች። ስትከፈት የተቀመጡት ስሞች በተራ ይታያሉ፤ ከሥራቸው ሦስት ቁልፎች አሉ፤ «ምረጥ»፣ «አዲስ»፣ «አስተካክል»። እዚያች መስኮት ላይ ያጠፋሁትን አጠፋሁ። አንድ ስም ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ከለከልኩ። የተመዘገበ ስም ደግመህ ከጻፍክ «ይህ ስም አለ» ትልሃለች። ለምን እንዲህ አደረግሁ? ትምህርት ቤት ለልምምድ የሱቅ ዕቃ፣ የአይጥ መድኃኒት ሳይቀር፣ ስንመዘግብ እንደዚያ ስለሠራን ነዋ። ከሴቱ ሩቡ ወለተ ማርያም፣ ከወንዱ ሩቡ ገብረ ሥላሴ በሆነበት አገር፣ እኔ ራሴ ከአጎቴ ጋር አንድ ክርስትና ስም እያለኝ፣ የክርስቲያንን ስም እንደ አይጥ መድኃኒት ቆጠርኩት። መስኮቷንም ስታምር ደጋግሜ አያት ነበር።

መሪጌታ መዝገባቸውን ወደ ማሽኑ መገልበጥ በጀመሩ በሦስተኛው ቀን አስጠሩኝ።

«ልጄ፣ ወለተ ማርያምን ስጽፍ ‹ይህ ስም አለ› ይለኛል። ወለተ ማርያም እኮ በየጎጡ አለች። የትኛዋን ነው የሚለኝ?»

ጥያቄው ትክክል ነበር። አስተማሪዎቼ ሁሉ ያልጠየቁኝን ጥያቄ ነው የጠየቁኝ። እኔ ግን ሳቅሁ።

«ካለ አለ ነዋ፤ ይምረጧትና ያስተካክሏት» አልኳቸው።

እሺ አሉ። ያን ክረምት ሙሉ መነጽራቸውን በክር አስረው፣ በአንድ ጣታቸው ፊደል እየፈለጉ፣ እንዳልኳቸው አደረጉ። ወለተ ማርያምን መረጡ፣ አስተካከሉ። ሌላዋን ወለተ ማርያም መረጡ፣ አስተካከሉ። በእያንዳንዱ ማስተካከል የፊተኛይቱ ጎጥና ቀን ጠፍቶ የኋለኛይቱ ይተካል። በመጨረሻ ከሁሉም ወለተ ማርያሞች አንዲት ብቻ ቀረች።

ይህን አላወቀም ነበር እንዳትል። በመስከረም የሚደረገው የማሽኑ ምረቃ ሲቃረብ ስፈትሽ አየሁት። ለማረም የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ነገር ግን ለማረም መሪጌታን «ተሳስቻለሁ፣ እንደገና ይጻፉ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ጸበል ተረጨ፣ ጋቢ ተሸለምኩ፣ ጋቢውን ለበስኩት።

ሌላው ቤተሰብ ቶሎ አልነቃም፤ ብዙው ቀኑን በውል ስለማይዝ ያቺ የቀረችው አንዷ ወለተ ማርያም ስትጠራ የራሱ እየመሰለው ይሰማ ነበር። እመት የውብዳር ግን ቀኗን ቆጥረው መጡ። ከስማዳ በኩል ወንዙን ተሻግረው፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፣ በወሊድ የሞተችባቸውን የአንድ ልጃቸውን ስም ሊሰሙ የሚመጡ ሴት ናቸው። ቅዳሴው አለቀ፤ ወለተ ማርያም አልተጠራችም። እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

ሽማግሌዎቹ የወረቀቱን መዝገብ እንድፈትሽ ሰጡኝ። ገለጥኩት። ልጅቱ አለች፤ በመሪጌታ ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ፣ ጎጧ፣ ቀኗ፣ ከጎኗም «እናቷ ከሩቅ ትመጣለች፣ እንዳይረሳ» ተብሎ ተጽፏል። አነበብኩት። ከዚያ መዝገቡን ዘጋሁና «እዚህም የለችም፤ ከመጀመሪያውም አልጻፏትም» አልኩ።

መሪጌታን ቀና ብዬ አላየሁም። «ጽፌያት ነበር መሰለኝ» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለውም «እንግዲህ ዓይኔ ነው፤ ዓይኔ ከዳኝ» አሉ። አየህ፣ አመኑኝ። ከራሳቸው እጅ ይልቅ የእኔን አፍ አመኑ።

በሳምንቱ እሑድ፣ በአገራችን የበደለ እንደሚያደርገው፣ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው እመት የውብዳር ፊት ወደቁ። ያን ሁሉ ተማሪ ያወጡ መምህር። እኔ ጋቢዬን ለብሼ ከሰው መካከል ቆሜ ነበር።

«ይቅር ለእግዜር፣ ይነሡ» አሉ ሴትየዋ። «እኔስ ግድ የለኝም መሪጌታ፤ ስሟን የምትጠብቀው ልጄ ናት እንጂ።»

ድንጋዩን ከጫንቃቸው አውርደው ከግድግዳው ሥር ካስጠጉት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ደግ ልጅ ነው አለኝ። መሪጌታ ከዚያ ወዲያ ብዕር አልጨበጡም፤ መዝገቡም «ለጥንቃቄ» እኔ ጋ ቀረ።

አምና ዐረፉ። የደብሩ ቄሰ ገበዝ የመሪጌታን ስም እንዳስገባ አዘዙኝ። «አዲስ» የሚለውን ነካሁና ክርስትና ስማቸውን፣ ገብረ ሥላሴ ብዬ ጻፍኩ። «ይህ ስም አለ» አለችኝ። በራሴ ቃል፣ በራሴ ቀይ ቀለም። እሳቸውን ለማስገባት አንዱን ገብረ ሥላሴ ማጥፋት ነበረብኝ፤ ወይም እውነቱን መናገር።

«ገባ?» አሉ ቄሰ ገበዙ ከኋላዬ።

«ገባ» አልኩና ምንም ሳላስገባ መስኮቷን ዘጋሁ።

ባለፈው ሳምንት ሙት ዓመታቸው ነበር። ልጅ የላቸውም፣ ማን ያስታውሳል ብዬ ነበር። ቅዳሴው ሲያልቅ አንዲት አሮጊት በትራቸውን ተደግፈው ወደ እኔ መጡ። እመት የውብዳር ናቸው።

«ልጄ፣ የመሪጌታ ቀን ዛሬ አይደለም? ስማቸውን ልስማ ብዬ መጥቼ ነበር። አልተጠሩም ወይስ ጆሮዬ ነው?»

«ተጠርተዋል እናቴ፤ እርስዎ አልሰሙም እንጂ» አልኳቸው።

«እንግዲህ ጆሮዬ ነዋ» ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ ስላስገባሁላቸው ሊያመሰግኑኝ።

አሁን ይቅር በለኝ እንድልህ ትጠብቃለህ። አልልህም። በአገሬ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ይሸከማል። ድንጋዩ ከደጀ ሰላሙ ግድግዳ ሥር ነው፤ በየሰንበቱ በአጠገቡ አልፋለሁ። መዝገቡም አልጋዬ ሥር ነው። እስከ ዛሬ ሁለቱንም አላነሣሁም።