ለፊልም የተደረደሩ ጀሪካኖች

ባለፈው እሑድ ከጂዳ የተመለሰችው የወንድሜ ልጅ ዘሃራ ስልኳን ደቀነችልኝና «አክስቴ፣ ይሄ የኛ መካነ ሰላም አይደል?» አለችኝ። ስለ ውሃ እጥረትና ቁጠባ የሚያወራ የድሮ ዘጋቢ ፊልም ነው። እንዴት አላውቀውም፤ ሲቀረጽ እዚያው ነበርኩ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ወሩ ግንቦት ነበር፤ የወረኢሉ መንገድ አቧራ የምንቆረጥመው ቆሎ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። የሰፈራችን ቦኖ ውሃ የሚመጣለት በሳምንት አንዴ፣ ለዚያውም ለጥቂት ሰዓት ነው። ሰው ቆሞ አይጠብቅም፤ ከዋዜማው ጀሪካኑን አሰልፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ተራህ ጀሪካንህ የቆመበት ቦታ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አይነካካውም። የእናቴ ጀሪካን አራተኛ ነበር። እህቴ የሦስት ቀን አራስ ናት፤ ቤት ውስጥ ለገንፎዋ የሚሆን ውሃ እንኳ አልነበረም።

ፊልም ቀራጮቹ በጠዋት መጡ። አንዱ ባለ ኮፍያ ሰልፉን አየና አላማረውም። ቢጫውን ከቢጫ፣ ነጩን ከነጭ እያደረገ ይደረድር ጀመር። ቦኖ ጠባቂው ጋሽ ሰይድ «ኧረ ጌታው፣ ተራ ነው እኮ» ቢሉት፣ «አይዞዎት አባባ፣ ስንጨርስ እንመልሰዋለን» አላቸው። የቱ የት እንደነበረ በምን ሊያውቅ ነው? እኔም የማልረባ፣ ካሜራ ውስጥ ልግባ ብዬ ጀሪካን አቀበልኩት፤ የራሳችንንም ጭምር።

ውሃው ሲለቀቅ ሁሉም «ተራው የኔ ነው» አለ። ግፊያ ሆነ፣ የተሞላው ተደፋ፣ የእናቴ ሻሽ ወለቀ። ካሜራው ግን አላቆመም። የኛ ሳይሞላ ውሃው ጠፋ። እናቴና እኔ ገደሉን ወርደን ከምንጭ ቀድተን ስንመለስ ቀኑ ተጋምሷል፤ እህቴ ከንፈሯ ደርቆ ጠበቀችን። እናቴ «ወላሂ፣ ሰው ቤት ገብቶ ዕቃ የሚያዘበራርቅ እንግዳ አይቼ አላውቅም» አለችና ገንፎውን ልታገነፋ ተነሣች።

ይኸው ግፊያው ፊልሙ ላይ አለ። «ኅብረተሰቡ ስለ ውሃ አጠቃቀም ያለው ግንዛቤ ዝቅተኛ በመሆኑ» ይላል ተራኪው፣ በዚያ ወፍራም ድምፁ። ወይ ግንዛቤ! ፊታችንን በታጠብንበት እግራችንን ታጥበን፣ እሱኑ ለጎመን የምናጠጣ ሰዎች ነበርን።

መሐል ላይ እናቴ ትታያለች። ፎቶ አልነበራትም፤ ከሞተች ወዲህ ፊቷን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ግን የተራኪው ድምፅ ነው።

«ምን እያለች ነው?» አለች ዘሃራ።

«‹ልጄ አራስ ናት፣ ተራዬን መልሱልኝ› እያለች ነው።»

ባለ ኮፍያውን ስንት ዘመን ተራግሜዋለሁ። ጀሪካኗን ያቀበልኩት እኔ መሆኔን ግን ለእናቴ ሳልነግራት ነው የሞተችው።