ካልሰደበችን አልፈቀደችም

እኛ ቤት ዘፈን በተከፈተ ቁጥር ጎረቤታችን እቴቴ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ሆነው ስም ያወጡልን ነበር። ስሙም ደረጃ አለው። ስፒከሩ ብቻ ከጮኸ «ፈንጠዝያ» ነው። ጭብጨባ ሲጨመር «ቸበርቻቻ» ይሆናል። ወለሉ መንቀጥቀጥ ከጀመረማ «አስረሽ ምቺው! ወላሂ፣ አስረሽ ምቺው ነው!» ይላሉ። እኔና እህቴ «ዳንኪረኞች» ነበርን። ሰኞ ገበያ ያለውን ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ ትከሻውን ሰበቅ ሰበቅ የሚያደርገው አባቴ እንኳ አልቀረለትም፤ «ሽማግሌ ጨፋሪ» ነበር።

ዋናዋ ዳንኪረኛ ግን የራሳቸው ልጅ ነበረች፤ አንድ ልጃቸው፣ የእህቴ የልብ ጓደኛ። እናቷ ጓሮ ልብስ ሲያጥቡ ጠብቃ በአጥሩ ቀዳዳ ሹልክ ትላለች። እሷ ከገባች ምንጣፉ ይጠቀለላል፣ አለቀ! ወዲያው ከማዶ «ቀንሱት! አንቺ አሸሼ ገዳሜ፣ ነይ ውጪ!» ይመጣል። ስድቡን ስንሰማ ሳቁ ከጭፈራው ይብስብን ነበር።

ባለፈው ክረምት ያቺ ልጃቸው ታመመች። ሆስፒታል ተመላለሱ፣ አልሆነም፤ አላህ ወሰዳት። እኛም ስፒከሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትነው። እኔን ያንገበገበኝ ግን የእቴቴ ትህትና ነው። በር ላይ ስንገናኝ «እንዴት አደርሽ ልጄ» ብለው ያልፋሉ፣ እንደ ባዕድ። ከዚህስ ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር።

የእህቴ ኒካህ ደረሰ፤ ባሏ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ሐዘን አጠገብ ድቤ ከመመታቱ በፊት ባለሐዘኑን ማስፈቀድ ደግሞ የሰፈራችን ወግ ነው። እህቴ አለቀሰች። «ለራሴ ብዬ አይደለም» አለች። «'ሰርግሽን አስረሽ ምቺው ነው የማደርገው' ብላኝ ነበር። እናቷ ካልፈቀዱ ግን ይቅር፣ ድቤ የሚባል አልሰማም።»

አባቴና እናቴ ሄዱ። ሲመለሱ አባቴ «ተፈቅዷል፤ 'አላህ ያሳምረው፣ ደስታችሁን አድርጉ' ብለዋል» አለ።

እናቴ ሻሿን አውልቃ ሶፋው ላይ ወረወረች። «አልፈቀደችም!»

«ሴትዮ፣ በጆሮሽ ሰምተሽ!»

«ሰላሳ ዓመት አውቃታለሁ። አንዲት ስድብ እንኳ ካፏ አልወጣም። ካልሰደበችን አልፈቀደችም።»

በቃ፣ ድቤው ቀረ።

የሰርጉ ዕለት ሳሎናችን ጢም ብሎ ሰው ይበላል፣ የሚሰማው የሳህን ድምፅ ብቻ ነው። የሙሽራው ወገኖች ክላክስ እየነፉ ከኮምቦልቻ ሲደርሱ እናቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በሩ ድረስ ሮጠች። የደሴ ብርድ እያንዘፈዘፋቸው ገብተው ኩምትር ብለው ተቀመጡ። የሙሽራው አክስት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ሰርግ ነው ወይስ የደበቃችሁን ነገር አለ?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ብሽቅ ብዬ ነበርና «ይብሉ እንጂ!» አልኳቸው። አንገቷን ደፍታ የምታለቅሰው እህቴ ከቤተሰቧ መለየት የከበዳት ነበር የመሰላቸው።

በሩ ተከፈተ። እቴቴ ናቸው፤ ጥቁር ሻሻቸውን እንዳሰሩ፣ የቤታቸውን ድቤ በብብታቸው ይዘው።

«ምን ሆናችኋል እናንተ? ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዬን አጥሩ ላይ ጥጄ ብጠብቅ ብጠብቅ!»

«እርስዎን ፈርተን ነው፣ እቴቴ» አልኩ።

«ማን ፍሩኝ አላችሁ? ያ ሁሉ ዳንኪረኛ ዛሬ የት ገባ? አንተስ፣ ሽማግሌ ጨፋሪ፣ ትከሻህን ማን አሰረው?» ድቤውን እህቴ ጭን ላይ አስቀመጡት። «ልጄ የጨፈረችበት ወለል ነው። ዝም አታሰኙብኝ።»

እናቴ «ሰደበችን! አልሐምዱሊላህ፣ ሰደበችን!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ኮምቦልቻዎች ምኑም ባይገባቸው ተቀበሉ። ምንጣፉን ማን እንደጠቀለለው አላየሁም። እህቴ ድቤውን ታቅፋ እቴቴ አንገት ላይ ተጠምጥማ ነበር። አባቴም ትከሻው እንዳልታሰረ አሳየ።

በማግስቱ እህቴ የለችም፤ የሰርጉ ሳህን ብቻ ተቆልሎ ጠበቀኝ። እጅጌዬን ሰብስቤ ላጥበው ተነሳሁ። ስልኬን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ዘፈን ከፈትኩ፣ እቴቴን እንዳይረብሽ በጣም ዝቅ አድርጌ።

«አንቺ ቸበርቻቻ!» አለ አጥሩ።

«አቤት፣ እቴቴ!» እጄ ሳሙና እንደሆነ ልቀንሰው ተንደረደርኩ።

«ከፍ አድርጊው፤ እዚህ አይሰማም።»