የማያልቀው ጋሪ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ብርቱካን ስልጥ፣ ግቢው ውስጥ መዶሻ መጮህ ጀመረ። ልጄ ናታን ከሁለት ልጆቹ ጋር መሬት ላይ ተንበርክኮ ጣውላ ይመታል። ጋሪ ሊሠሩ ነው አሉኝ፤ ልጆቹ ተቀምጠውበት ቁልቁለት የሚንደረደሩበት ባለ አራት ጎማ ጋሪ። ባንክ ቤት የሚሠራ፣ ቅዳሜ እንኳ ከላፕቶፑ የማይነሳ ሰው ዛሬ ምን ነክቶት ነው? መላጡን ትቼ ትክ ብዬ አየው ጀመር።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ፊትሽ ጠቆረ እኮ» አለኝ።

«ምንም» አልኩት። ውሸቴን ነው።

እኔ እንግዲህ ተጠራጣሪ ነኝ፤ አልደብቅም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለጨዋታ ይለዋል፤ እኔ የምኖረው በእሱ ነው። ሟቹ ባለቤቴ «አንቺ እኮ ደግ የሠራልሽን ሰው መጀመሪያ ኪሱን ትፈትሺያለሽ» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ግን ይሄ ጠባይ አብሮኝ አልተወለደም። ከአንድ ጋሪ ነው የመጣው።

ጊዜው የደርግ ነበር። እዚሁ ናዝሬት፣ ከባቡር ሐዲዱ ከፍ ብሎ ካለው ሰፈር እንኖር ነበር። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ፣ ወንድሜ ዮሴፍ ገና የፊት ጥርሱን ይቀይራል። አባታችን የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ቤተሰባችን ጴንጤ ነው፤ የጸሎት ቤታችን ከተዘጋ ቆይቶ ነበር፣ በሩ ላይ የቀበሌ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። እናታችን ስለዚህ ነገር ከቤት ውጭ ትንፍሽ እንዳንል አስጠንቅቃናለች። እሷ ባታስጠነቅቀንም እናውቅ ነበር። ያን ጊዜ ጎረቤት ሥጋ ከገዛ «ከየት አምጥቶ ነው?» ይባላል፤ ካልገዛ ደግሞ «ምን ቢደብቅ ነው?» ይባላል። ሰላምታ የሚሰጥህም የማይሰጥህም እኩል ያስፈራል።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ አባቴ እጁን ሳይታጠብ «ልጆች፣ ጋሪ እንሥራ» አለ። ዮሴፍ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። እኔ ግን አባቴን አየሁት፣ ከዚያ እናቴን አየኋት፤ እሷ ወጧን ታወጣለች፣ ቀና አላለችም። ወይ ጉድ! አባቴ እኮ ምስማር መትቶ የማያውቅ ሰው ነው። ካርታ ለመስቀል እንኳ ጎረቤት የሚጠራ፣ ከፈተና ወረቀት ሌላ ነገር ይዞ ያላየነው ሰው። ከእኛ ጋር ተጫውቶም አያውቅም። ይወደናል፣ ግን ፍቅሩ «አጥንታችኋል?» ከሚለው ጥያቄ አያልፍም ነበር።

ወለንጪቲ ጋራዥ የሚሠራ ወዳጁ አራት አሮጌ ኩሽኔታ ላከለት፤ የመኪና ጎማ ውስጥ የሚሽከረከረውን፣ አስፋልት ላይ ሲሄድ ሰፈር የሚቀሰቅሰውን ብረት። ጣውላውን ከብርቱካን ሳጥን አገኘን። የፊተኛው ጎማ ያለበት ጣውላ እንዲዞር አንድ ረጅም ቡሎን መሐሉን ይበሳዋል፣ ከሥር ደግሞ ቡሎኑ እንዳይነቀል ዳዶ ይይዘዋል። በሁለት በኩል ገመድ አሰርን፤ መሪው እሱ ነው። ወሩ ጥር ነበር፣ አቧራው እየተሽከረከረ ጥርሳችን ውስጥ ይገባል። የወንጂ ሸንኮራ እየመጠጥን፣ ምራቁን ከአቧራው ጋር እየተፋን እንሠራ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይል ነበር። አባቴ አውራ ጣቱን በመዶሻ መትቶ ሲዘል ዮሴፍ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ አባቴም ይስቃል። ሲስቅ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ግን ሥራው ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ለምን እሑድ አይሆንም? አይሆንም። ለምን ጠዋት አይሆንም? አይሆንም። ደግሞ አባቴ ምስማር በሌለበትም ይመታል፤ ባዶ ጣውላ «እያጠናከርኩት ነው» ይላል። ከሁሉ የባሰው፣ ጋሪው አለቀ ብለን በተኛን በሳምንቱ ያላለቀ ሆኖ እናገኘዋለን። እኔ የመታሁት ምስማር ተነቅሏል፣ ዳዶው የለም፣ ወንበሩ ወልቋል። «አልጠነከረም ነበር፣ እንደገና እንሥራው» ይላል፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ዮሴፍ አምኖ ይጀምራል። እኔ አንድ ረቡዕ ከትምህርት ቤት ቀደም ብዬ ስመጣ፣ አባቴ ጎንበስ ብሎ የራሴን ምስማር በጉጠት ሲነቅል አየሁት። አላየኝም። አባት የልጁን ጋሪ ለምን ያፈርሳል?

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ ውሃ ሊጠጣ ሲገባ መዶሻው ዝም አለ። ያን ጊዜ ከጓሮ፣ ከሰርቪሱ ክፍል፣ አንድ ድምፅ መጣ። ንብ ቀፎ ውስጥ ሲያጉረመርም ዓይነት። መዝሙር ነበር። ሰዎች አፋቸውን ገጥመው ይዘምራሉ፤ ልጅ ሆኜ የጸሎት ቤታችን ወንበር ላይ የሰማሁት መዝሙር። ለካ የጸሎት ቤታችን ሰዎች በቂንጭብ አጥሩ ቀዳዳ አንድ በአንድ እየገቡ፣ ጫማቸውን ደጅ እንዳይታይ በእጃቸው ይዘው እዚያ ይሰበሰባሉ። አባቴ ከነኩባያው እየሮጠ ወጣ፤ መዶሻውን አንስቶ ባዶውን ጣውላ ደበደበው። ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ጋሪው መቼም አያልቅም፣ አይደል?» አልኩት።

«ሰምተሻል ማለት ነው» አለ፣ መምታቱን ሳያቆም።

ቅስሜ ተሰበረ። ፍርሃት አልነበረም፤ ቅናት ነበር። ሳቁም፣ ሸንኮራውም፣ «ልጆች እንሥራ» ያለውም ለእነሱ መሸፈኛ ነው። እኛን እንደ ታምቡር ነው የተጠቀመብን። ለዮሴፍ አልነገርኩትም፤ መዶሻዬን አንስቼ በንዴት መታሁ። ያን ቀን እንደ እኔ ያስጮኸ የለም።

ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጓድ በቀለ ጠመንጃውን እንዳንጠለጠለ በሩን ገፍቶ ገባ። የአባቴ ተማሪ ነበር፤ ጠመንጃውን ከያዘ ወዲህ ግን «ቲቸር» ማለቱን ትቷል።

«ጓድ መምህር፣ ሰፈሩ ያማል። መሣሪያ ነው የሚሠሩት የሚሉም አሉ። ይሄን ሁሉ ጊዜ የምትቀጠቅጡት ጋሪ የታለ?»

«ይኸው» አለ አባቴ። «ትንሽ ይቀረዋል።»

ጓድ በቀለ ጋሪውን በጫማው ነካ አደረገው። «እስቲ ሲሄድ ልየው።» መልስ ሳይጠብቅ ደግሞ አንገቱን ወደ ጓሮ አዞረ። «ከኋላስ ምንድን ነው ያላችሁ?» አንድ እርምጃ ተራመደ። መዶሻው ስለቆመ ሰርቪሱ ውስጥ ያሉትም ዝም ብለዋል፤ ግን የተዘጋች ክፍል ናት፣ ሌላ መውጫ የላትም። በሩን ከከፈተ ሁሉም ያልቅላቸዋል። አባቴም አይመለስም። በዚያ ዘመን የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚነግርህ የለም።

አባቴ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ዳዶው እዚያ እንዳለ አወቅሁ። ቡሎኑ ከሥር ባዶውን ነው።

እንዴት እንዳሰብኩት አላውቅም። ጋሪው ላይ ዘልዬ ተቀመጥኩና ገመዱን ያዝኩ። «ጓድ በቀለ፣ እርስዎ ይግፉኝ! አባዬ ጉልበት የለውም!» ብዬ ጮህኩ።

አባቴ «ሣራ፣ ተይ!» አለ። ተይ ያለው ስለ ዳዶው ነው። እኔም አውቄያለሁ፣ እሱም ማወቄን አውቋል።

ጓድ በቀለ እኮ ያኔ ሃያ ዓመትም አይሞላው። ፊቱ ፈታ አለ፤ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ወርውሮ ትከሻዬን ያዘና ከበር አውጥቶ ወደ አስፋልቱ ገፋኝ። ኩሽኔታው ጮኸ፤ የሰፈሩ ልጆች እየተንጫጩ ተከተሉን። ሰውዬው ራሱ እየሳቀ ከኋላዬ ይሮጣል! ባለ ፈረስ ጋሪው ኦቦ ቱፋ የፈረሱን ልጓም ስቦ ወደ ጠርዝ ሸሸልኝና «ጀባዱ ኢንተለ ኮ!» ብሎ አበረታኝ፤ በርቺ ልጄ ማለቱ ነው። እኔ ግን የማየው ያን ቡሎን ብቻ ነው። ሲንቀጠቀጥ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲወጣ። ሐዲዱ ጋ ሳልደርስ ተነቀለ፤ ፊተኛው ጎማ ለብቻው ሄደ፣ እኔም በአገጬ አስፋልቱን አረስኩት።

ጓድ በቀለ ተሸክሞ ነው የመለሰኝ። ደሜ ካኪ ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል። ግቢ ስንደርስ እናቴ የሰርቪሱን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ወለሉን ታጥባለች፤ ማንም የለም። እሱ እኔን አባቴ ክንድ ላይ አስቀመጠ፣ የተከፈተውን በር አየ፣ የቂንጭቡን ቀዳዳ አየ። «ቲቸር፣ ሙያው የለዎትም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መቀጥቀጥዎን አይተዉ። ሰው የሚጠረጥረው ዝም ሲል ነው» ብሎ ወጣ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አባቴም አልገባውም፤ ለብዙ ሳምንት እንቅልፍ አልነበረውም።

እናቴ አገጬን በጨው ውሃ ስታጥብልኝ ንዴቴ ፈነዳ። «ጋሪውን ለእኛ ብሎ አይደለም የሠራው! ለእነሱ ነው!» አልኳት።

«የሚዘምሩት ወንዶች በተራ እንቀጥቅጥልህ፣ አንተም ገብተህ ዘምር ብለው ለምነውት ነበር» አለችኝ። «እምቢ አላቸው። መዝሙር እንዴት እንደሚወድ ታውቂያለሽ። 'ከልጆቼ ጋር የምሆንበትን ሰዓት ለማንም አልሰጥም' ብሎ ነው ደጅ የቀረው።»

አመንኳት? ግማሽ። ልታባብለኝ ይሆናል አልኩ። አባቴን ራሱን ልጠይቀው እያልኩ ዓመታት ሄዱ፤ ሳልጠይቀው ሞተ።

እና ናታን ጋሪ ሲሠራ ባየሁበት ቅዳሜ ጠየቅሁት። «ይሄን ጋሪ ምን አስበህ ነው የምትሠራው?»

«ምን አስባለሁ እማዬ? ልጆቹ ስልክ ላይ ተጣብቀው ሊያልቁ ነው፤ ትንሽ አብረን እንሁን ብዬ ነዋ።»

ተነስቼ ወደ ጓሮ ዞርኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ምርኩዜን ይዤ፣ ቀስ ብዬ ሄጄ የልጄን ሰርቪስ ቤት በር ከፈትኩ። አንድ ጆንያ ሽንኩርትና የሚተኮስ ልብስ ነው ያለው። ከበሩ ጀርባ ሁሉ አየሁ፣ ማንም የለም። መጀመሪያ በራሴ ሳቅሁ፣ ከዚያ እንባዬ መጣ። አባቴ ግን ጓሮ የሚደብቀው ሰው ሳይኖርበት፣ እንዲሁ ለልጆቹ ብቻ ብሎ አንድ ቀን እንኳ መዶሻ ሳያነሳ ነው ያለፈው። በሩን ዘግቼ ወደ ልጆቹ ተመለስኩ።