መርዶ በግሩፕ አይነገርም

የእኔ ሥራ ያለው ስልኬ ውስጥ ነው። ቦንጋ ላይ አንዲት ጠባብ ቢሮ አለችን፣ እሷም ዝናብ ሲመጣ ታፈሳለች። እኔ የማርና የደን ቡና ፕሮጀክት አስተባባሪ ነኝ፤ ባልደረቦቼ ግን በየወረዳው ተበትነዋል። አንዷ ቢታ ገነት፣ አንዱ ማንኪራ፣ የቀሩትም እንዲሁ በየአቅጣጫው። ፊት ለፊት የምንተያየው አልፎ አልፎ ነው። ሰላምታውም፣ ሪፖርቱም፣ ኩርፊያውም በቴሌግራም ግሩፕ ነው የሚያልቀው።

ያ ግሩፕ ድሮ የለየለት ገበያ ነበር። ጠዋት አንዱ «እንደምን አደራችሁ ውድ ባልደረቦቼ» ይልና የጽጌረዳ ሥዕል ጨምሮ ሁሉንም ይጠራል፤ የሁላችንም ስልክ ይጮሃል። ሌላዋ «ክብር ለመድኃኔዓለም» ትላለች፤ እንደገና ይጮሃል። ሦስተኛው አውራ ጣት ይልካል። ሰዉ ሲመረው የግሩፑን ድምፅ እያጠፋ ተቀመጠ። ከዚያ አንድ ቀን መንገድ ተቆርጦ መኪናው እንደማይመጣ ብጽፍ ማንም አላየውም፤ ሁለቱ ባልደረቦቼ መንገድ ዳር ቆመው ሲበሰብሱ ዋሉ። ማታ ደውለው የሰደቡኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

በማግስቱ ሕግ አወጣሁ፤ ጽፌም ከግሩፑ አናት ላይ ሰቀልኩት። ሁሉንም የሚጠራ መልእክት ለመንገድ፣ ለመኪናና ለጤና ብቻ ይሁን። ሰላምታ የማንንም ስልክ አያስጩህ። ጉዳዩ የአንድ ሰው ከሆነ ግን የ@ ምልክቷን አድርጋችሁ ስሙን ጥሩት፤ ስሙ የተጠራ ሰው የግሩፑን ድምፅ ቢያጠፋም ስልኩ ይጮሃል። ባልደረቦቼ «እትዬ አዋጅ» የሚል ስም አወጡልኝ። በፊቴ አይሉትም፤ ከኋላዬ ግን እንደሚሉት አውቃለሁ። ደስ ይለኝ ነበር እንጂ አልተቀየምኩም።

ለአዋጁ አልገዛ ያለኝ የማንኪራው ባልደረባችን ብቻ ነበር። ጥሩ ሰው ነው፤ ከንብ አርቢዎቹ ጋር ጫካ ለጫካ ሲዞር ይውላል። ስም መጥራት የሚባል ነገር ግን አይሆንለትም። «ለማን ነው የጻፍከው?» ብዬ ስቆጣው «ለሚያየው» ይለኛል። ስንት ጊዜ ነገርኩት።

ያ ረቡዕ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር። ረቡዕ የሪፖርት ቀናችን ነው። ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

«የቢታዋ ልጅ አጎት ነኝ፤ የምደውለው ከሺሺንዳ ነው» አለ አንድ ጎልማሳ ድምፅ። አማርኛው ዝግ ያለ ነው፤ ቃሉን በካፊኖኖ አስቦ የሚያወጣ ሰው አነጋገር። «አለቃዋ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ ጋሼ። ምነው፣ በደህና?»

«እናቷ ረፋድ ላይ አረፈች።»

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። እናቷን አንድ ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ ልጃቸው ሥራ በጀመረች ሰሞን ቢሮ ድረስ መጥተው «አደራ፣ ብቸኛ ልጄ ናት» ብለውኝ ሄደዋል።

«እሷ አልሰማችም» አለ አጎትየው። «አሁን ብንነሳ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ስንደርስ ይመሻል። መርዶ ደግሞ በማታ አይነገርም። ነገ ጎህ ሲቀድ እንደርሳለን። ነግረናት፣ ይዘናት እንመለሳለን፤ ቀብሩ ከሰዓት ነው። ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት። አደራ የኔ እመቤት፣ ዛሬ ጆሮዋ እንዳይገባ።»

አደራ የሚለውን ቃል ሲናገር ስልኬ ጆሮዬ ላይ ነዘረ። «በእኔ ይሁንብዎ» ብዬ ዘጋሁና አየሁት።

የማንኪራው ነው። ምልክቷን አድርጎ፣ ስሟን ጠርቶ፣ አንዲት ፊደል ሳይሳሳት ጽፏል፦ «እናትሽን ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ከጫካ ስወጣ ለቅሶው ላይ እደርሳለሁ።»

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አዋጄን አከበረ!

መልእክቱን ተጫንኩት፤ ለሁሉም ይጥፋ ወይስ ለእኔ ብቻ ብሎ ጠየቀኝ፤ ለሁሉም አልኩ፤ ጠፋ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የስልክ ቃል ግን ቢያንስ ይሰረዛል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ዳሩ ስልክ ሳይከፈትም የመልእክቱን ጫፍ ፊቱ ላይ ያወጣል። ስልኳ እጇ ላይ ከነበረ አልቋል። ምድጃ ዘንድ ወይም ጎረቤት ከነበረች ደግሞ ተርፋለች። የትኛው እንደሆነ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

የማንኪራው ጋ ደወልኩ። የደወልኩለት ሰው አይገኝም አለኝ፤ ጫካ ገብቷል። ሞቱን ቦንጋ ገበያ ሰምቶ፣ እሷ ቀድማ ለቅሶ ቤት የደረሰች መስሎት፣ ኔትወርክ ሳይጠፋ ልድረስ ብሎ እንደጻፈው ኋላ ነው ያወቅኩት። ማን ይፈርድበታል? ገበያ የሰማውን ልጅ አልሰማችም ብሎ ማን ያስባል?

ስልኩን ሳስቀምጥ ከግሩፑ አናት ላይ አንድ ነገር አየሁ፤ ሒሳብ ሠራተኛችን እየጻፈች ነው። ያቺ ሴት ሰው አስነጠሰው ቢባል «ይማርህ» ሳትል የማታድር ናት። ደወልኩላት፤ ጠራ፣ ጠራ፣ አታነሳም። መጻፏን ቀጥላለች። ሦስተኛ ስደውል አነሳች።

«እጅሽን ከስልኩ አንሺ!»

«ምን አጠፋሁ እትዬ? የማጽናኛ ቃል ልጽፍ ነው እንጂ...»

«አጥፊው! ልጅቷ አልሰማችም። መርዶ በግሩፕ አይነገርም!»

ማልቀስ ጀመረች። ቁጣዬ እንደበረታ ገባኝ፤ ላባብላት ግን ጊዜ አልነበረኝም፤ ቀሪዎቹን አንድ በአንድ እየደወልኩ ዝም በሉ አልኳቸው። ግሩፑ ጸጥ አለ።

ጸጥታው ደግሞ ሌላ ጭንቀት ሆነብኝ። በሪፖርት ቀን የእኛ ግሩፕ ጸጥ ብሎ አያውቅም። አንዱ ኔትወርክ የለም ይላል፣ አንዱ መብራት ጠፋ ይላል፣ እኔ እቆጣለሁ። ምንም ካልተባለ ትጠረጥራለች። ልደውልላት አሰብኩ፤ ድምፄን አላመንኩትም። «ደህና ነሽ?» ብዬ ልጽፍ አሰብኩ፤ መቼ ጠይቄያት አውቃለሁና? ያን ጊዜ ስሟ ጎን ኦንላይን መሆኗን አየሁ። ስልኩን ይዛለች።

ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ የምለውን አልኩ። ስሟን ጠርቼ፣ ስልኳ እንዲጮህ አድርጌ፣ «ሪፖርቱ የት ደረሰ? ዛሬ ረቡዕ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ጠበቅኩ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ነው፤ እኔ የማየው ስክሪኑን ብቻ ነው። መጻፍ ጀመረች። ተወችው። እንደገና ጀመረች።

«እሺ እትዬ። አሁን እልካለሁ።»

ጥቂት ቆይታ ላከችው። ከፍቼ አየሁት፤ የቀፎው ብዛት፣ የሥልጠናው ነገር፣ የሚቀረው ሥራ፣ ሁሉም በቦታው ነው። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሪፖርት እናቷ የሞተችባት ልጅ አትጽፍም አልኩ። ከደስታዬ ብዛት ከሥሩ አውራ ጣት አደረግኩላትና አጎቷ ጋ ደወልኩ።

«አልሰማችም ጋሼ።»

«እግዚአብሔር ያክብርልኝ» አለኝ። መርቆኝ አልጠገበም።

በማግስቱ ለቅሶው ላይ ሺሺንዳ ስደርስ ልጅቷ ሴቶች መሐል ነበረች። አቀፍኳት። አጎቷ ለብቻዬ ወስዶ አመሰገነኝ። ሁሉም እንደ ወጉ መሆኑን ነገረኝ፤ ጎህ ሲቀድ እንደደረሱ፣ ለባብሳ በር ላይ እንዳገኟት፣ ሲነግሯት እንደወደቀች። «የሁላችንም እግር ጭቃ በጭቃ ነበር» አለ፤ «እሷ ግን ለሁላችን የሚበቃ ውሃ ጥዳ አገኘናት። እግራችንን ታጠብን። አምላክ ሲያዘጋጅ እንዲህ ነው።» እኔም አሜን አልኩ። የጠረጠርኩት ነገር አልነበረም።

ሐዘኗን ጨርሳ ወደ ሥራ ስትመለስ መጀመሪያ ቦንጋ መጣች። ቢሮው በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ጥቁር ለብሳለች፤ ከስታለች። የማንኪራውም መጥቶ ነበር፤ ሰላም ብሏት፣ አንገቱን ደፍቶ ትንሽ ቆመና ወጣ። እሱ እስኪርቅ ጠበቀች።

«እትዬ፣ መልእክቱን አይቼው ነበር።»

«የትኛውን?» አልኩ። የትኛውን እንደሆነ ግን ወዲያው ገብቶኛል።

«የጠፋውን። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ሳነበው ከፊቴ ጠፋ። መጀመሪያ ዓይኔ ነው አልኩ። ቀጥሎ ማጥፋታችሁ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልደወልሽልኝም?»

«ምን ብዬ? እንዳልሰማ ስትለፉ እያየሁ? አጎቴ ያን ሁሉ ጭቃ አቡክቶ መጥቶ፣ በስልክ ሰምታለች ከተባለ ምን ፊት ይኖረዋል? ይሄም ልጅ» አለች የማንኪራው ወደ ወጣበት የግቢ በር እያየች፣ «ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ሆዴ ይፍጀው አልኩ።»

ጎረቤት ሰምቶ ለእኛ እንዳይደውል ትራስ ነክሳ እንዳለቀሰች ነገረችኝ። መርዶ ጎህ ሲቀድ እንደሚነገር ታውቃለችና፣ ሲነጋ እንደሚመጡ ገምታ ቤቱን ጠርጋ፣ ለእግራቸው ውሃ ጥዳ ጠበቀቻቸው። ሲነግሯትም እንዳልሰማች ሆና ሰማች፤ መውደቋ ግን የእውነቷን ነበር አለችኝ።

እጇን ያዝኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም፤ ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች።

«አንድ ሰው ቢደውልልኝ ብዬ ስልኩን ይዤ ቁጭ ብዬ ነበር። የማንም ሰው ድምፅ ይሁን፣ ስለምንም ያውራኝ ብዬ። ከዚያ ጮኸ። ሳየው እርስዎ ነዎት። ሪፖርቱ የት ደረሰ ይላል።»

አለቀስኩ። እሷ የእናቷን ሐዘን ትታ እኔን ታባብለኝ ጀመር፤ «የእርስዎ ጥፋት አይደለም እትዬ፣ ወጉ ነው» እያለች። እኔም አውቃለሁ፤ ወጉ ነው። እንደገና ቢሆን ሌላ ምን እንደማደርግ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ ብለን ነበር ያን ሁሉ ያደረግነው፤ ብቻዋን ሰማች፣ ብቻዋንም አደረች።

የማንኪራው የጻፈው ያኔውኑ ጠፍቷል። ሪፖርቷ ግን ግሩፑ ውስጥ አለ። ከሥሩ የእኔ አውራ ጣት አለ።