በባዶ ጆንያ ስር የገቡት አውራ ዶሮዎች

ይህን ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ግን መጀመሪያ ማን እንደሚናዘዝላችሁ እወቁ። እኔ ጅማ፣ በቾ ቦሬ፣ ዶሮ በማርባት ያረጀሁ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት ያየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ከወዳደቀ መጽሐፍና ከራዲዮ ለቀምኩት። ከአሮጌ ፍሪጅ የእንቁላል መፈልፈያ በገዛ እጄ ሠርቻለሁ። ከሄርማታ እስከ አጋሮ ዶሮው የታመመበት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። «ዶክተር» ይሉኛል። ስሙን አልለመንኩም፤ አልመለስኩትምም።

ከዓመታት በፊት የወፍ ጉንፋን እንዳይዛመት ተብሎ ከውጭ አገር የቁም ዶሮ ማስገባት ተከለከለ። ሳቅሁ። ይህን የጻፉት ዶሮ አቅፈው የማያውቁ ሰዎች ናቸው አልኩ። ብዙም ሳልቆይ አምስት የፈረንጅ አውራ ዶሮዎች ከድንበር በአዲስ አበባ በኩል አስመጣሁ፤ የአጋሮን ቡና አዲስ አበባ አራግፎ በሚመለስ መኪና፣ በባዶ ጆንያ ስር። ሲጨልምባቸው የመሸ መስሏቸው አንዱም አልጮኸም። በብልሃቴ ኮራሁ። ዛሬስ ልዋሽ? አሁንም እኮራለሁ።

በእኛ ሰፈር አውራ ዶሮ ለጎረቤት ይዋሳል፤ ከሚፈለፈለው ጫጩት ሁለቱ ለባለ አውራው ይመለሳሉ። እኔም ትልቁን ቀይ በሦስተኛው ቀን ለጎረቤቴ ለአዴ ዘይነባ አዋስኩ። ባሏ ሞቶባት በአርባ ዶሮ ልጇን የምታስተምር ሴት ናት። አርባውንም በስም ትጠራቸዋለች።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ኃጢአት። የቀሩትን አራት አውራዎች ከራሴ ዶሮዎች ለይቼ፣ ጓሮ ዘግቼባቸው ነበር። አዎ፣ የሳቅሁበትን ትእዛዝ ለራሴ ዶሮዎች ፈጽሜዋለሁ! ታዲያ ለእሷ ለምን ሰጠሁ? በእሷ ዶሮዎች ልሞክር ብዬ? አላሰብኩትም እላለሁ። እጄ ግን አስቦታል።

በሳምንቱ ቀዩ አውራ አንገቱን ደፋ። ከዚያ የእሷ ዶሮዎች ፊታቸው አብጦ ጠቆረ፤ በአራት ቀን አንድም አልተረፈ። የእኔን አራቱን የዚያኑ ቀን አርጄ ከአቮካዶው ስር ቀበርኩ። እሷ እያለቀሰች መጣች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ፤ ልጆቼን ምን ነካብኝ?»

«ፈንግል ነው። ዶሮ ሳይከተብ ይረባል?» አልኳት፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ።

«ወላሂ ክትባቱን በእጄ ሰጥቻቸዋለሁ!»

«እንግዲያው መድኃኒቱን ፀሐይ ላይ አቆይተሽ ገድለሽዋል።»

«ይሆናል» አለች ቀስ ብላ፤ «እርስዎ ካሉማ።»

ሬሳዎቹን አስቃጠልኩ። ማግስቱን አንዲት ወጣት የእንስሳት ሐኪም መጣች። «አባባ፣ ሰሞኑን ከውጭ የገባ ዶሮ አለ?» አለችኝ።

«አንቺ ገና ጫጩት ሳለሽ እኔ ፈንግል እለይ ነበር» አልኳት። ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። የምትመረምረው ነገር አላስቀረሁላትም፤ ባዶ እጇን ተመለሰች።

አዴ ዘይነባ ዛሬ መጋዘን ውስጥ ቡና ትለቅማለች። ልጇም ትምህርቷን ትታ አጠገቧ ተቀምጣለች። «ዶሮ መያዝ አታውቅም» የሚለው ስም እስከ ዛሬ ከእናትየዋ አልወረደም። እኔ ሳልፍ ግን ብድግ ትላለች፤ «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?»

ይቅርታ ልለምን? አልለምንም። ይቅርታ የሚለምን ቅናሽ ይፈልጋል፤ እኔ በዋጋ ተከራክሬ አላውቅም። ይህን ወረቀት ግን ከእናንተ በፊት ለልጇ ሰጥቻታለሁ። ለእናቷ ታንብብላት። ከዚያ ሰፈሩ የፈለገውን ይበለኝ፤ ከእነሱ ሁሉ ዶሮ የማውቀው አሁንም እኔ ነኝ።

እኔ ያልተማርኩት ሰው በዕድሜዬ የሠራሁት ይኸው፦ ከፍሪጅ ጫጩት አስፈለፈልኩ። አምስት አውራ ያለ አንድ ጩኸት ጅማ አስገባሁ። የራሴን ዶሮዎች አዳንኩ። የአዴ ዘይነባን አርባ ጨረስኩ። ምን እንደገደላቸው ማንም እንዳያውቅ አደረግሁ፤ እኔም አላውቅም። እሷን ግን፣ የገደለቻቸው ራሷ እንደሆነች አሳመንኳት።