ሐሙስ ይወጣል ያልኩት አልበም

ይህ ነገር የሆነው ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ የቆላው ማሽላ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። በዕድሜዬ ድርቅም አንበጣም አይቻለሁ። እንዲህ ያስደነቀኝ ነገር ግን የለም። ያወራሁለት ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ቢሆንም እንደሆነው ልጻፈው ብያለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ የተሳሳተውን ልጄ አቃንታልኛለች።

ሥራዬ ሸዋ ሮቢት መኪና መንገዱ ዳር ጎማ መለጠፍ ነው። ድሮ ከከተማው ወረድ ብሎ ገበሬ ነበርኩ፤ መሬቱን ለልጆቼ ለቀቅኩ። ደጄ ላይ የኒም ዛፍ አለ። ፀሐዩ ሲበረታ የባጃጅ ልጆች ከጥላው ሥር አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ይጨዋወታሉ።

የዚያን ሰሞን ጨዋታቸው ሁሉ አንድ ነበር። አሜሪካ ያለ፣ ሂፕ ሆፕ የሚባለውን ዘፈን የሚዘፍን ሰው አለ፤ እነሱ "አለቃው" ይሉታል። አራት ዓመት ሙሉ ዝም ብሏል አሉ። አንድ ቀን ግን ሳይናገር፣ ሳያስተዋውቅ አልበሙን ኢንተርኔት ላይ ይለቀዋል፤ ዓለም ሁሉ በየስልኩ እኩል ይሰማዋል። መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም። እነሱ ታዲያ ምልክት ይቆጥራሉ። ሰውየው ፎቶዎቹን በሙሉ አጠፋ፤ ምልክት ነው። ሙዚቃውን የሚሠራለት ባልንጀራው የእሳት ሥዕል ለጠፈ፤ ይሄም ምልክት ነው። ሲከራከሩ ለጉድ ነው።

"ዓርብ ነው! ሁሉም የሚለቁት ዓርብ ነው" ይላል መስፍን የሚባለው ነገረኛ።

"ባለፈውም ዓርብ ብለህ አፋችንን ከፍተን ዋልን፤ የገባልን ዝንብ ነው" ይለዋል ሌላው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚጠብቀው እንድሪስ ነበር። የጎረቤቴ የዘይነባ አንድ ልጅ ነው። ይነዳው የነበረውን ባጃጅ ባለቤቱ ከሸጠው ወዲህ ሥራ ፈቶ ነበር። ሰኞ ዕለት ጎማ ስነፋ ጠጋ አለና "ጋሼ ይማም፣ ረቡዕ ልሄድ ነው። ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ" አለኝ። በአፋር በረሃ ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕሩን ተሻግሮ ሳዑዲ ሊገባ ነው። ደላላው ረቡዕ ከአሱር ሰላት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ገደማ በመኪና ይጭናቸዋል።

ፓምፑን ትቼ ተቀመጥኩ። በዚያ መንገድ ሄደው የገቡ አሉ። የእህቴ ልጅ ግን በዚያው እንደሄደ ነው፤ እስከ ዛሬ ድምፁ አልተሰማም። እንድሪስን ልለምነው አሰብኩ። ሆኖም በልመና የቀረ ልጅ አላየሁም።

እሱን የቆጨው ደግሞ ሌላ ነው። "ደላላው ስልካችንን ይቀበለናል። እኔ በረሃ ላይ ሳለሁ አልበሙ ቢወጣስ?" አለኝ።

ይህን ጊዜ አፌ ተከፈተ። "ሐሙስ ይወጣል" አልኩት።

ለምን ሐሙስ እንዳልኩ ልናገር። የረቡዕ ማግስት ስለሆነ ነው፤ ሌላ የማውቀው የለኝም።

ልጆቹ ሰምተው በሳቅ ፈረሱ። "ጋሼ ይማም፣ ደውሎልዎት ነው?" አለ መስፍን። ከጀመርኩት ወዲያ ወደ ኋላ ማለቱ አሳፈረኝ። ስለዚህ የማውቀውን አመጣሁ። እኛ ቆለኞች ማሽላ የምናኖረው መሬት ውስጥ፣ ጉድጓድ ምሰን ነው። ጉድጓዱን የሚከፍትበትን ቀን ማንም ለጎረቤት አይናገርም፤ ዓይን ይፈራል፣ ጠያቂ ይፈራል። ግን ይታወቅበታል። ሰውየው ከጨዋታ ይጠፋል። ደጁን ይጠርጋል። ዘመዱ ስልቻ ይዋስለታል።

"ሰውያችሁ ጠፍቷል፤ ፎቶውንም አጥፍቶ ደጁን ጠርጓል" አልኳቸው። "ባልንጀራው ስልቻ መዋስ ጀምሯል። ዓርብን ሁሉ ሰው ይጠብቀዋል። ጉድጓድ የሚከፍት ሰው ደግሞ በሚጠበቅበት ቀን አይከፍትም። ሐሙስ ነው።"

ሳቁ ቆመ። "ኧረ ያሳምናል!" አለ መስፍን። እንድሪስ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። እኔ ግን ፈራሁ። የተሰወረውን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። በስተርጅና ጠንቋይ ሆንኩ።

ረቡዕ ከአሱር በኋላ እንድሪስ ደጄ ላይ ተቀምጦ አመሸ። ደላላው ይደውልለታል፣ አያነሳም። "አንድ ቀን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ መኪና አለ" አለኝ። መኪናው ጥሎት ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት ምንም የለም። ቀትር ሆነ፤ አሁንም የለም።

"ጋሼ፣ ጉድጓዱ ባዶ ነው እንዴ?" ይለኛል መስፍን።

እንድሪስ ፊቱ ጠቁሯል። ዛሬ ካልወጣ ቃሌ ዳግመኛ እንደማይዘው ገባኝ። ለአሱር መስጊድ ሄድኩ፤ ምን ብዬ እንደምለምን ግን ጠፋኝ። ዘፈን አውጣልኝ ተብሎ ዱአ ይደረጋል?

ስመለስ ባጃጆቹ ሁሉ በየመንገዱ ዳር ቆመዋል። አንዲት ተሳፋሪ ሽንኩርቷን ታቅፋ "ኧረ ንዳ አንተ ልጅ!" ትላለች፤ የሚሰማት የለም። ልጆቹ አንገታቸውን ስልክ ላይ ደፍተዋል። ካንዱ ባጃጅ የተነሳው ድምፅ ወደ ሌላው እየተዛመተ መጣ፤ አንድ ሰው በሃያ አፍ የሚናገር ይመስል ነበር። የሚለው አልገባኝም። 

መስፍን ኮፍያውን አውልቆ እየሮጠ መጣ። "ወጣ! ጋሼ ይማም፣ ወጣ! አሁን!" ልጆቹ አንድ በአንድ ቀና ብለው አዩኝ። ሰው እንዲያ ሲያየኝ የመጀመሪያዬ ነው። እንድሪስ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ያዝኩት።  ስሜን የማያውቅ፣ ስሙን የማልይዘው ሰው፣ ከባሕር ማዶ ሆኖ ውሸቴን እውነት አደረገው።

ቅዳሜ እንድሪስን ለብቻው ጠራሁት። "ልጄ፣ ዋሸሁህ። የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ከመኪናው እንድትቀር ብዬ ነው" አልኩት።

 "ታዲያ ለምን ወጣ?" አለኝ።

   አጠገቤ ቁጢጥ አለና የተነፈሰ ጎማ አንስቶ ውሃ ውስጥ ነከረ፤ ቀዳዳውን ይፈልግ ጀመር።

የሚቀጥለው ሳምንት መኪና መጥቶ ሄደ። እንድሪስ አልሄደም፤ ለምን ብዬም አልጠየቅኩትም። ዛሬ የሌላ ሰው ባጃጅ ይነዳል። ዘይነባ ልጇ ሊሄድ እንደነበር የምትሰማው ይህ ሲነበብላት ነው፤ ይጻፉት ያለኝ እንድሪስ ራሱ ነው።

እኔ እስከ ዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል፣ ያስፈራኛልም። ሰግጄ ስጨርስ ስለዚያ ውሸት አፉ በለኝ እላለሁ። ስለዚያው ውሸት ደግሞ አመሰግናለሁ። የትኛውን ማስቀደም እንዳለብኝ ግን አላወቅኩም።